ሸረሪቷ ለምን ትሞታለች?

እናቴ ስታርፍ ሴቷ ልጄ ስምንት ዓመቷ ነበር። ለቅሶው እስኪያልፍ ጎረቤት ቤት አስጠጋናትና፣ ስትጠይቅ «እቴቴ ለሕክምና ውጭ አገር ሄዳለች» አልናት። አገሬው ሁሉ የሚለውን ነው ያልነው። ማን ነው ለሕፃን ልጅ መርዶ የሚያረዳ?

ወራት አለፉ። ማታ ማታ የአሜሪካዊውን ደራሲ የኢ.ቢ. ዋይትን «ሻርሎትስ ዌብ» ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነብላት ነበር። ሻርሎት ሸረሪት ናት፤ ድሯ ላይ ቃላት እየጻፈች ወዳጇን አሳማ ከመታረድ ታድነዋለች። ከዚያ እሷ ራሷ፣ ሰው ሁሉ በተበተነበት የእርሻ ትርኢት ሜዳ ብቻዋን ትሞታለች። እዚያ ስደርስ ፈራሁ። ስንት ዓመት ስለ ትራጄዲ ሳስተምር የኖርኩ ሰውዬ፣ አንዲት ሸረሪት መግደል አቃተኝና «ሩቅ አገር ሄደች» ብዬ መጽሐፉን ዘጋሁት።

«እሷም ለሕክምና ነው?» አለችኝ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ለመሆኑ ዝም የምንለው ለልጆቹ ብለን ነው ወይስ ለራሳችን?

የልጆች መጻሕፍት ሽልማት ነገር የሚከነክነኝ ከዚያ ወዲህ ነው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1922 ጀምሮ የሚሰጥ የኒውቤሪ ሜዳልያ የሚባል አለ። ሰጪው የቤተ መጻሕፍት ማኅበር ነው። ዳኞቹ ትልልቅ ሰዎች፣ አንባቢዎቹ ልጆች። በ1953 ሜዳልያውን የወሰደው «ሲክሬት ኦፍ ዘ አንዲስ» የተባለ መጽሐፍ ሲሆን፣ «ሻርሎትስ ዌብ» ከእሱ በታች ያለውን የክብር ማዕረግ ነው ያገኘው። ዛሬ ልጆች የትኛውን እንደሚያነቡ መናገር ያስፈልጋል እንዴ? በዳኞቹ ግን አልፈርድም። እኔም እዚያ ወንበር ላይ ብቀመጥ ኖሮ፣ ከምታወራ ሸረሪት ይልቅ ቁም ነገረኛ የሚመስለውን የምመርጥ ይመስለኛል።

አንዳንዴ ታዲያ ዳኞችና ልጆች ይገጣጠማሉ። ካትሪን ፓተርሰን «ብሪጅ ቱ ቴራቢትያ»ን የጻፈችው የልጇ የቅርብ ጓደኛ የነበረች ሕፃን በመብረቅ ከሞተች በኋላ ነው። በ1978 ተሸለመችበት፤ ልጆችም ወደዱት። በ1990ዎቹ ግን አሜሪካ ውስጥ ከትምህርት ቤትና ከቤተ መጻሕፍት ይውጣልን የሚል አቤቱታ ከበዛባቸው መጻሕፍት አንዱ ሆነ፤ ከፊሉ በውስጡ ባለው ስድብ፣ ከፊሉ በሞቱ። ሕፃናቱ አይደሉም እኮ አቤት ያሉት! ልጅ የሚወደው እንደ ሰው ቆጥሮ የሚያናግረውን መጽሐፍ ነው፤ የሚደነግጠው ወላጅ ነው።

እርግጥ ሐዘን ስላለበት ብቻ መጽሐፍ ጥሩ አይሆንም። ተሸላሚ መጽሐፍ ውስጥ ውሻ ካለ መሞቱ አይቀርም እያሉ የሚቀልዱ አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ለትምህርት ተብሎ የተገደለ ውሻ ልጅ ቶሎ ይነቃበታል። ሻርሎት ግን ከመሞቷ በፊት ትሠራለች፣ ትቀልዳለች፣ ትቆጣለች። ዋይት ራሱ መጽሐፉን በድምፁ ሲቀዳ፣ እሷ የምትሞትበት ቦታ ላይ እንባ እየተናነቀው ደጋግሞ መቅዳት ነበረበት ይባላል። የጻፈው ሰው እንዲህ ከሆነ እኔ ብፈራ ምን ይገርማል?

ወደዘጋሁት መጽሐፍ ልመለስ። በማግስቱ ማታ የዘለልኩትን ገጽ ገልጬ እንዳለ አነበብኩላት። አላለቀሰችም። የሸረሪቷ ልጆች ከእንቁላል እስኪፈለፈሉ ድረስ ዝም ብላ አዳመጠችኝና፣

«እቴቴ የተቀበረችው የት ነው?» አለችኝ።