አሮጌው ቧንቧ

ኦርጋን ስላችሁ በየአዳራሻችን ያለውን ኪቦርድ አታስቡ። በፓሪስ፣ በሳን ሱልፒስ ቤተ ክርስቲያን ያለው ኦርጋን የሚዘምረው ነፋስ በሺህ በሚቆጠሩ ቧንቧዎች ውስጥ ሲያልፍ ነው። ፍራንሷ-አንሪ ክሊኮ በ1781 እ.ኤ.አ. ሠራው። አሪስቲድ ካቫዬ-ኮል በ1862 አድሶና አስፍቶ ሲጨርስ 100 የድምፅ ዓይነቶች ነበሩት።

ካቫዬ-ኮል በሙያው አንቱ የተባለ ሰው ነበር። ሁሉን አፍርሶ ከባዶ ቢጀምር ማን ይከለክለው ነበር? እርሱ ግን ብዙዎቹን የክሊኮ ቧንቧዎች ከራሱ ቧንቧዎች ጋር አብረው እንዲዘምሩ አደረገ።

ታዲያ ኦርጋኑ የማን ነው? የክሊኮ ነው እንዳንል፣ ክሊኮ ቢነሣ ድምፁን የሚያውቀው አይመስለኝም። የካቫዬ-ኮል ነው ብንል ደግሞ ከሚዘምረው ግማሹን መካድ ይሆንብናል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ሽማግሌ እንዳይቀየም ብሎ አሮጌ ነገር ማቆየት አክብሮት አይደለም፣ ይሉኝታ ነው። የሚቆየውን ከሚወገደው ለመለየት አስቀድሞ መስማት ያስፈልጋል። መስማት ደግሞ ጊዜ ይፈጃል፤ ወጣት ሲሆኑ ጊዜ ያለ አይመስልም።

በእናንተ ዕድሜ ሳለሁ ለመዘምራናችን አዲስ ኪቦርድ ተገዛ። ለዓመታት በአኮርዲዮን ያጀቡንን አባት «እስቲ አብረን እንሞክረው» ያላቸው አልነበረም፤ እኔም አላልኩም። አኮርዲዮናቸውን በነጠላ ጠቅልለው ወደ ቤታቸው ወሰዱት። በሚቀጥለው እሑድ መጥተው ከኋላ ወንበር ተቀመጡ፤ በኪቦርዳችንም ዘመሩ።