ሽጉጥን ሰውሮ ለመያዝ ፈቃድ ስለ መጠየቅ

ሕግ ለሰው ሁለት ዓይነት ቃል ይናገራል። አንዱ «አድርግ» የሚል ትእዛዝ ነው፤ ሁለተኛው «ብታደርግ አልከለክልህም» የሚል ፈቃድ ነው። ትእዛዝ የታዘዘውን ሰው ከማሰብ ሊያሳርፈው ይችላል፤ ፈቃድ ግን የማሰብን ሸክም ከዳኛው ትከሻ አንሥቶ በሰውዬው ትከሻ ላይ ያኖረዋል። በዚህች ትንሽ ጽሑፍ የምንመረምረው ነገር ከሁለተኛው ወገን ነው፤ ይኸውም በአሜሪካ የሚኖር ሰው ከልብሱ በታች ሽጉጥ ሰውሮ ለመሄድ ከመንግሥት የሚጠይቀው ፈቃድ ነው።

ይህ ነገር ከእኛ የራቀ አይደለም። በዋሽንግተን ከተማና በዙሪያዋ ባሉት በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ግዛቶች ብዙ ሺሕ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። ከእነርሱም ብዙዎች በታክሲ ነጂነት፥ በቤንዚን ማደያ፥ ሌሊት በሚከፈት ሱቅ እንጀራቸውን ያገኛሉ። እንዲህ ያለው ሥራ አንድ ሰው ብቻውን በጨለማ ገንዘብ ይዞ የሚቀመጥበት ሥራ ነውና ወንበዴ ይመኘዋል። ባልዋ በሰላም እስኪገባ ድረስ እንቅልፍ የማይወስዳት ሚስት በዚያ አለች፤ የአባቱን የመኪና ድምፅ በመስኮት የሚጠባበቅ ልጅም አለ። እንግዲህ ከእነዚህ ሰዎች አንዱ «ፈቃዱን ልጠይቅን?» ቢል ጥያቄው ስለ ሕይወት የቀረበ እውነተኛ ጥያቄ ነው፤ በሣቅም በተግሣጽም ሊመለስ አይገባውም።

አስቀድመን ሕጉን እንይ፤ ዓመታቱንም በፈረንጆች አቆጣጠር እንጽፋለን። በአሜሪካ ስለዚህ ነገር ለሁሉ የሚሆን አንድ ሕግ የለም፤ 50ው ግዛቶች የየራሳቸው ሥርዓት አላቸው። የኒውዮርክ ግዛት በ1911 ሽጉጥ ያለ ፈቃድ እንዳይያዝ ከለከለ፤ በኋላም ሰውሮ ለመሄድ የሚሻ ሰው ከሌላው ሕዝብ የተለየ በቂ ምክንያት እንዲያስረዳ ያስገድድ ነበር። የአገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በሰኔ ወር 2022 ስድስት ዳኞች ሦስቱን በልጠው ይህን ግዴታ ሻሩት። ከዚያ ወዲህ ፈቃድ ማግኘት በብዙ ቦታ ቀለለ፤ እስከ 2024 መጨረሻ ድረስም 29 ግዛቶች ያለ አንዳች የፈቃድ ወረቀት ሰውሮ መያዝን ፈቅደው ነበር።

በቨርጂኒያ 21 ዓመት የሞላው ሰው በሽጉጥ አያያዝ መሠልጠኑን አስረድቶ ለሚኖርበት አውራጃ ፍርድ ቤት ያመለክታል። ክፍያው ተደምሮ ከ50 ዶላር አይበልጥም፤ ፍርድ ቤቱም የሚከለክል ነገር ካላገኘበት በ45 ቀን ውስጥ 5 ዓመት የሚያገለግል ወረቀት ይሰጠዋል። በዋሽንግተን ከተማ ግን 16 ሰዓት ትምህርትና 2 ሰዓት የተኩስ ልምምድ ይጠየቃል። ደግሞም የቨርጂኒያ ወረቀት በዋሽንግተንም በሜሪላንድም አይሠራም። ስለዚህ ባለ ታክሲው መንገደኛ ጭኖ የፖቶማክን ወንዝ በድልድይ ሲሻገር፥ በወዲያ ማዶ በሕግ የታጠቀው ሰው በወዲህ ማዶ ወንጀለኛ ሆኖ ይገኛል። ዜግነት ያላገኘ ሰው ከሆነማ በጦር መሣሪያ ወንጀል የሚፈረድበት ፍርድ ከአገር ለመባረር ምክንያት ሊሆንበት ይችላል። ቤተ ሰቡን ሊጠብቅ ታጥቆ የወጣው አባት በዚያው መሣሪያ ቤተ ሰቡን ሊበትን ይችላል ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ይህ ወረቀት ስለ ባለቤቱ የሚመሰክረው ምንድር ነው? ዕድሜው እንደ ደረሰ፥ በከባድ ወንጀል እንዳልተፈረደበት፥ የሽጉጥን አያያዝ እንደ ተማረ ይመሰክራል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን ሰውዬው ታጋሽ ይሁን ቁጡ፥ ይቅር ባይ ይሁን ቂመኛ፥ ወረቀቱ አያውቅም። የኒውዮርክ ግዛት ይህን ጉድለት አይቶ በ2022 ባወጣው አዲስ ሕግ አመልካቹ ስለ መልካም ጠባዩ የሚመሰክሩ አራት ሰዎች እንዲጠራ አዘዘ። መልካም ጠባይ ማለቱም መሣሪያ ቢሰጠው ራሱንም ሌላውንም አደጋ ላይ እንዳይጥል የሚታመንበት ባሕርይና ማስተዋል ማለት ነው።

ይህ ሥርዓት ብልህ ሥርዓት ነው፤ ነገር ግን አመልካቹ የሚጠራው ወዳጆቹን ነው። ስለዚህ፥ አንባቢ ሆይ፥ በየትኛውም ግዛት ብትኖር ስምህን በማመልከቻው ላይ ከመጻፍህ በፊት ሌሎች አራት ምስክሮችን በኅሊናህ ችሎት ፊት እንድታቆም እመክርሃለሁ።

የመጀመሪያይቱ ምስክር ሚስትህ ናት። ዳኛው በቀን ንጹሕ ልብስ ለብሰህ ቆመህ ያይሃል፤ እርስዋ ግን ደክመህ፥ ተርበህ፥ ምናልባትም ጠጥተህ በሌሊት ስትገባ ታውቅሃለች። ድምፅህ ከፍ ሲል ልጆችህ ወደ ጓዳ የሚሸሹ ከሆነ ምርመራው በዚያው አለቀ። የአሜሪካ ሕግ ራሱ ከ1996 ጀምሮ በሚስቱ ላይ እጁን በማንሣት የተፈረደበትን ሰው መሣሪያ እንዳይዝ ይከለክላል። ነገር ግን ሕግ የሚያውቀው የተከሰሰውን ብቻ ነው፤ ከእኛም ሴቶች ገመናን ለመሸፈን ሲሉ ሳይከሱ የሚኖሩ አሉ። ስለዚህ ሚስትህ ብትፈራ ፍርሃትዋን የሴት ነገር ብለህ አትናቀው፤ ስለ አንተ ከማንም ይልቅ የምታውቅ እርስዋ ናትና።

ሁለተኛው ምስክር ልጅህ ነው። ቀኑን ሙሉ በወገብህ የዋለውን ሽጉጥ ማታ የት ታኖረዋለህ? በትራስ ሥር ነውን? በቁም ሣጥን ላይ ነውን? ልጅ የአባቱን መሸሸጊያ ሁሉ ያውቃል። ከ2020 ጀምሮ በነበሩት ዓመታት በአሜሪካ ከ1 እስከ 19 ዓመት ካሉት ልጆችና ወጣቶች ብዙዎቹን የገደለ፥ ከበሽታም ከመኪና አደጋም የበለጠ፥ የጦር መሣሪያ ነው። ስለዚህ የሚቆለፍ የብረት ሣጥን ለመግዛት የማይተጋ ሰው ሽጉጥ ለመግዛት ሊተጋ አይገባውም።

ሦስተኛው ምስክር የተጣላህ ሰው ነው። በእድር፥ በንግድ ሽርክና፥ በቤተ ክርስቲያን ጉባኤ እንኳ ክርክር አይታጣም። አበው «ቂም ይዞ ጸሎት፥ ሳል ይዞ ስርቆት» ብለዋል፤ ቂም ይዞ ሽጉጥ መታጠቅ ግን ከሁለቱም ይከፋል። በባዶ እጅ የተጣሉ ሰዎችን ሽማግሌ ያስታርቃቸዋል፤ በበነጋውም አንዱ የሌላውን ፊት አይቶ ያፍራል። ጥይት ከወጣ በኋላ ግን የሚያፍር አንድ ብቻ ይቀራል። እንግዲህ ጠላትህ ስለ አንተ ቢጠየቅ «ቁጣው ይበርዳል፤ ሲሰድቡትም ትቶ መሄድን ያውቃል» ብሎ የሚመሰክር ይመስልሃልን?

አራተኛው ምስክር አንተ ራስህ ነህ፤ ይኸውም ዛሬ ብርቱ ሆኖ የቆመው ሳይሆን ኀዘን የከበደበት ሌሊት የሚነሣው ነው። በ2022 በአሜሪካ በጦር መሣሪያ ከሞቱት ከ48000 ከሚበልጡት ሰዎች 27000 ያህሉ የሞቱት በሌላ ሰው እጅ አይደለም፤ በገዛ እጃቸው ነው። ሽጉጥ ሲገዛ ሰው ወንበዴን ያስባል፤ ራሱን አያስብም። የስደት ኑሮ ግን ብቸኝነት፥ ዕዳ፥ ከወገን የራቀ ኀዘን አለበት። እንዲህ ያለ ሌሊት የደረሰበት ሰው መሣሪያውን ለታመነ ወዳጅ ወዲያው ይስጥ፤ የልቡንም ለሰው ይንገር። ጨለማው ያልፋል፤ በእጁ መሣሪያ ያለው ሰው ግን እስኪያልፍ ላይጠብቅ ይችላል።

በዚህ ጊዜ ባለ ሱቁ እንዲህ ብሎ ሊመልስልን ይችላል፤ «ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ነገር ግን ወንበዴው አራት ምስክር ጠርቶ አይመጣም። እኔ ብሞት ልጆቼን ማን ያሳድጋቸዋል?» ይህ ቃል ተንቆ የሚታለፍ አይደለም። ክርስቲያኖችም ስለዚህ ነገር ከጥንት ጀምሮ በሁለት ወገን ይቆማሉ። እንደ ሜኖናይት ያሉት ማኅበሮች ጌታ ጴጥሮስን ሰይፉን ወደ ሰገባው እንዲመልስ ያዘዘውን ይዘው ደቀ መዝሙር የሰውን ደም ሊያፈስ ከቶ አይገባውም ይላሉ። ሌሎችም በነህምያ ዘመን ቅጥር የሚሠሩት ሰዎች ሰይፍ ታጥቀው እንደ ሠሩ አስበው ደካማን ከግፈኛ ማዳን የፍቅር ሥራ ነው ይላሉ። በዚህ ክርክር ወንድምን መኰነን ለእኔ አይገባኝም፤ ነገር ግን ሁለቱም ወገኖች ሊስማሙበት የሚገባ አንድ ነገር አለ።

በሙሴ ሕግ ሌባ ቤት ሲሰብር ሌሊት ተመትቶ ቢሞት በመታው ሰው ላይ የደም ዕዳ የለበትም፤ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ቢሆን ግን የደም ዕዳ አለበት። ሌባው ያው ሌባ፥ ቤቱም ያው ቤት ነው፤ የተለየው ብርሃኑ ብቻ ነው። በጨለማ ባለ ቤቱ የመጣበት ሰው ዕቃ ይሻ እንደ ሆነ ወይም ነፍስ ይሻ እንደ ሆነ ሊያውቅ አይችልም፤ በብርሃን ግን አይቶ ይለያል። ሊለይ እየቻለ ስለ ዕቃ ነፍስ ያጠፋ ሰው በደለኛ ነው። በአብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶችም ገንዘብን ብቻ ለማዳን ሰውን መግደል በሕግ አይፈቀድም። እንግዲህ ሽጉጥ የታጠቀ ሰው አስቀድሞ፥ ልቡ ጸጥ ብሎ ሳለ፥ «በመሳቢያዬ ውስጥ ስላለው ብር የማንንም ደም አላፈስም፤ ገንዘቡን እሰጣለሁ» ብሎ ከራሱ ጋር ቃል ኪዳን ይግባ። በዚያች አጭር ጊዜ ሰው አዲስ ምክር ሊመክር አይችልምና፥ አስቀድሞ የወሰነውን ብቻ ያደርጋል።

ደግሞም የመሰወርን ነገር እናስብ። ሽጉጥ የሚለው ስም ራሱ ሸጎጠ ከሚለው ቃል የወጣ ነው። በአገራችን ገጠር ጠመንጃ የሚታየው በትከሻ ላይ ነበር፤ ማን እንደ ታጠቀ መንደሩ ሁሉ ያውቅ ነበርና የተቆጣውን ሰው ሽማግሌ ገለል አድርጎ «ልጄ ሆይ፥ መሣሪያህን አስቀምጥና ተነጋገር» ሊለው ይችል ነበር። ዛሬ በኢትዮጵያም በእኛ አቆጣጠር በ2012 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1177 መሠረት መሣሪያ ለመያዝ ፈቃድ ያስፈልጋል። የተሸጎጠ ሽጉጥ ግን ከባለቤቱ በቀር የሚያውቀው የለም። በአጠገቡ የተቀመጠው ሰው አይጠነቀቅም፤ ሽማግሌም አይመክርም። ስለዚህ ምክርም፥ ተግሣጽም፥ ጥንቃቄም ሁሉ ከአንዱ ሰው ልብ ብቻ ይጠበቃል። ያ ልብ ደግሞ ይለምዳል፤ ይረሳልም። በ2023 በአሜሪካ የአውሮፕላን ማረፊያዎች በፍተሻ 6737 የጦር መሣሪያዎች ተገኙ፤ አብዛኞቹም ጥይት የጎረሱ ነበሩ። ከተያዙትም ብዙዎች በሻንጣቸው መኖሩን እንደ ረሱ ይናገራሉ። ሞትን ተሸክሞ መርሳት ቢቻል፥ የመሸከሙ ልማድ ከመሣሪያው የማያንስ አደጋ ነው።

እንግዲህ ወንድሜ ሆይ፥ ወደ ፍርድ ቤት ከመሄድህ በፊት ሌላውን መንገድ ሁሉ ሞክር። በመሳቢያህ ጥቂት ገንዘብ ብቻ ይኑር፤ ይህንም በደጅህ ጽፈህ አስታውቅ። መብራትህን አብራ፤ ብቻህን በሌሊት አትሥራ፤ ከጎረቤትህ ባለ ሱቅ ጋር ተጠባበቁ። ይህን ሁሉ አድርገህ፥ አራቱም ምስክሮች መስክረውልህ፥ ስለ ሌላው ሰው ነፍስ በእግዚአብሔር ፊት መልስ እንደምትሰጥ አውቀህ ፈቃዱን ብትጠይቅ፥ እኔ አልፈርድብህም። ከአራቱ አንዱ እንኳ ዝም ቢል ግን ወረቀቱን ለማግኘት አትቸኵል። ዳኛው በ45 ቀን ይፈቅድልህ ይሆናል፤ ዝም ያለውን ምስክር ለማናገር ግን ከዚያ የሚበልጥ ጊዜ ያስፈልግህ ይሆናል፤ ያ ጊዜም የጠፋ ጊዜ አይደለም። እግዚአብሔር በእጃችን ካለው ነገር በፊት ልባችንን ይጠብቅልን።