ብቸኛው ቁጥር 10,631

በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ሰኞ ገባ፤ ረመዳን ደግሞ በዚያው ሳምንት፣ የካቲት 22 ቅዳሜ። ክርስቲያንና ሙስሊም ተጎራብቶ በሚኖርባት በይፋቷ ካራቆሬ እንዲህ ያለው ዓመት ደስ ይላል፤ አንዱ ጎረቤት ለጾሙ ሽሮ ሲያዘጋጅ ሌላው ለአፍጥር ቴምር ይገዛል። እኔን የሚስበኝ ከሁለቱ ጾሞች ጀርባ ያለው ቁጥር ነው።

የቤተ ክርስቲያኑ የበዓላት ስሌት፣ የባሕረ ሐሳብ፣ ዐቢይ ቀመር 532 ዓመት ነው፤ 19 በ28 ተባዝቶ። ያ ሲሞላ ፋሲካ በቀድሞው ቅደም ተከተል እንደገና ይጀምራል። በቀን ሲቆጠር 194,313 ይሆናል፤ ሲበተን ደግሞ 3 × 7 × 19 × 487። ዕለቱ የማይዛነፈው 7 ውስጡ ስላለ ነው።

የሂጅራው ስሌት በ30 ዓመት ይዞራል። 19ኙ ዓመታት 354፣ 11ዱ 355 ቀን አላቸው፤ ድምሩ 10,631። (ረመዳን የሚገባው ጨረቃ ስትታይ ነው፤ ይህ የስሌቱ ዙር ነው።) 19ና 11 ለባሕረ ሐሳብ መምህርም እንግዳ አይደሉም፦ ጥንተ መጥቅዕ 19፣ ጥንተ አበቅቴ 11፣ ድምራቸው 30። ምክንያታቸው ግን ይለያያል። አበቅቴው የፀሐይ ዓመት ከጨረቃ ዓመት የሚበልጥበት ቀን ነው፤ የሂጅራው 11 አንድ ቀን የሚጨመርባቸው ዓመታት ብዛት ነው። ምክንያቱ ሳይገናኝ ቁጥሩ መገናኘቱ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

አሁን 10,631ን በወረቀት እናካፍለው። በ7 ቢካፈል 5 ይተርፋል። በ19 10፣ በ83 7። ከ103 በላይ መሞከር አያስፈልግም፤ 103 በ103 10,609 ነውና ቀጣዩ ብቸኛ ቁጥር 107 በራሱ ሲባዛ ያልፈዋል። እስከዚያ ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች 27 ናቸው፣ አንዳቸውም እኩል አያካፍሉትም። ስለዚህ ከ1ና ከራሱ በቀር አካፋይ የለውም።

ከዚህ የሚከተለው ነው ልቤን የሚነካው። 10,631 ብቸኛ ከሆነና 194,313ን ካላካፈለ፣ ሁለቱ ቀመሮች ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የላቸውም። ቢኖራቸው ኖሮ ሁለቱ አብረው የሚገጥሙበት ዙር ባጠረ ነበር። ስለሌላቸው አንዱን በሌላው ማባዛት ግድ ነው፦ 2,065,741,503 ቀን። ሲበተን 3 × 7 × 19 × 487 × 10,631 ነው፤ አምስት ብቸኛ ቁጥሮች፣ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ጊዜ። በእኛ አቆጣጠር 5,655,692 ዓመት መሆኑ ነው።

በይፋት እስልምና ቢያንስ ከወላስማ ሥርወ መንግሥት ዘመን፣ ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሥር የሰደደ ነው። ሁለቱ አቆጣጠሮች ከዚያ ወዲህ በዚህ ቆላ ጎን ለጎን የኖሩበት ዘመን ሁለት ዐቢይ ቀመር አይሞላም። ረመዳን በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ገደማ ወደ ኋላ እየሸሸ በ33 ዓመት አካባቢ ወደ ቀድሞው ወቅት ይመለሳል፤ የየካቲቱ ዓይነት መቀራረብ የሚመጣውም ከዚህ ነው። ሙሉው መግጠም ግን 10,631 ዐቢይ ቀመር ይፈጃል። ባሕረ ሐሳብ ከዓለም ፍጥረት እስከ 2017 ድረስ የሚቆጥረው 7,517 ዓመት ነው፤ በዚያ ውስጥ የሞላው ዐቢይ ቀመር 14 ብቻ ነው።