ለወንበሩ ወይስ ለሰውየው?

በከተማችን በጅጋ፣ በጥምቀት ታቦቱ ሲያልፍ የከተማው ሹምም እንደ በግ ነጋዴው ጎንበስ ይላል። ታቦቱ ካለፈ በኋላ ደግሞ እኛ ለሹሙ ብድግ እንላለን። ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝና መጠየቅ አልተወኝም፤ የምንነሣው ለማን ነው?

«ለወንበሩ» አልሁ። ባለቤቴ ጠላ እየቀዳች፣ «እንግዲያ ባዶውንም ወንበር እጅ ንሣው!» ብላ ሳቀችብኝ።

ከንቲባ ዱሮ የጎንደር ሹም ማዕረግ ነበር። የጎንደር ሹም የነበሩት ከንቲባ ገብሩ ደስታ በ1911 ዓ.ም. ከደጃዝማች ናደው ጋር አሜሪካ ሲላኩ ጎንደር አብራቸው አልሄደችም፤ ማዕረጉ ግን ሄደ። እስከ ዛሬም ከስማቸው አልተለየም። ወንበሩ ቀርቶ ክብሩ ሰውየውን ከተከተለ የእኔ መልስ ፈረሰ ማለት ነው።

የንስሐ አባቴን ጠየቅኋቸው። የቄስ ቡራኬ በቄሱ ድካም አይጎድልም፣ ጸጋው የክህነቱ ነው አሉኝ። ይህ ገባኝ። የከተማ ሹም ግን ማኅተም እንጂ ክህነት አልተሰጠውም! እሳቸውም ትንሽ አሰቡና ስለ ዝናብ አወሩ።

ዘንድሮም ሹሙ ሲያልፍ ተነሣሁ፤ ወገቤ እስኪቀና ግን አልጠበቅሁም።