በባለጠጎች ፊት የቆመው ሰው

የሚነበበው ክፍል፦ ትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 55 ከቍጥር 1 እስከ 3፤ የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ከቍጥር 28 እስከ 30።



ባለፈው ክረምት በአንድ ምሽት ከማኅበራችን ምእመናን በአንዱ ቤት ለእራት ተጠርተን ነበር። ዝናቡ ስለ በረታ ወደ ቤታችን መሄድ አልተቻለንምና፥ ከማዕድ በኋላ ከቤተ ሰቡ ጋር ቴሌቪዥን ለማየት ተቀመጥን። ልጆቹ የመረጡት ዝግጅት በባዕድ ቋንቋ የሚነገር ነበር። አንድ ጐልማሳ ንጹሕ ልብስ ለብሶ በሰፊ አዳራሽ መካከል ብቻውን ቆሟል፤ በፊቱም አምስት ባለጠጎች በተርታ ተቀምጠዋል። እርሱ እያላበው ይናገራል፤ እነርሱም ይጠይቁታል፥ አንዳንድ ጊዜም ይስቃሉ። የቤቱ እመቤት እናት፥ ዕድሜያቸው ሰማንያን ያለፈ እናታችን፥ ጥቂት ካዩ በኋላ፥ «ይህ ልጅ ምን አጥፍቶ ነው የሚፈረድበት?» ብለው ጠየቁ።

ልጆቹ ሳቁ። ሰውየው ጥፋት እንደሌለበት፥ የንግድ ሐሳቡን አቅርቦ ባለጠጎቹ ገንዘባቸውን በሥራው ላይ እንዲያውሉለት የሚለምን መሆኑን አስረዷቸው። እናታችንም፥ «እንግዲያውስ ለምን አቆሙት? ወንበር ጠፋ እንዴ?» አሉ። እኛም በዚያ ምሽት ከልጆቹ ጋር ሳቅን።

ይህን የመሰለ ዝግጅት ዛሬ በብዙ ሀገሮች ይታያል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2001 ዓ.ም. በጃፓን ሀገር ተጀመረ፤ ጃፓኖችም ገንዘብ ሰጪዎቹን ነብሮች አሏቸው። በ2005 ዓ.ም. እንግሊዞች ወሰዱትና የዘንዶዎች ዋሻ ብለው ሰየሙት። በ2009 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ሲሻገር፥ ባለጠጎቹ ሻርክ በሚባለው ሰው በላ ዓሣ ስም ተጠሩ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በጎረቤታችን በኬንያ በአንድ ባንክ ድጋፍ የአንበሶች ዋሻ ተብሎ ወጣ። ነብር፥ ዘንዶ፥ ሻርክ፥ አንበሳ! ባለገንዘቡን በአውሬ ስም የጠሩት የወንጌል ሰባኪዎች አይደሉም፤ ባለጠጎቹ ራሳቸው ወድደው የተቀበሉት ስም ነው። ነቢዩ ዳንኤልም ወደ አንበሶች ጕድጓድ ወርዶ ነበር፤ ነገር ግን ተጥሎ ነው እንጂ ተራ ጠብቆ አልነበረም።

ሥርዓቱ እንዲህ ነው። ሐሳብ አቅራቢው የሚፈልገውን ገንዘብና በምትኩ ከሥራው የሚለቅቀውን ድርሻ አስቀድሞ ይናገራል። ባለጠጎቹ የሚሰጡት ከራሳቸው ኪስ ነውና ሽያጩን፥ ትርፉንና ዕዳውን አጥብቀው ይመረምራሉ። ሐሳቡን ያልወደደው፥ «እኔ ወጥቻለሁ» ይላል። ሁሉም ከወጡ ሰውየው ባዶ እጁን ይመለሳል፤ በእንግሊዞቹ ዘንድማ የጠየቀው ገንዘብ ሙሉ ካልተገኘለት በከፊል መቀበል እንኳ አይፈቀድለትም። በአዳራሹ ተጨባብጠው ከተስማሙበትም መካከል፥ በኋላ መዝገቡ ሲመረመር የሚፈርሰው ጥቂት አይደለም።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ኀጢአት ነው ልንል አንችልም። ጌታችን ራሱ ግንብ ሊሠራ ስለሚወድ ሰው ሲናገር፥ አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን የማይቈጥር ማን ነው ብሎ ይጠይቃል። ቈጠራ ከእምነት ጋር አይጣላም። በ2007 ዓ.ም. ሌቪ ሩትስ የተባለ የጃማይካ ተወላጅ በእንግሊዞቹ ዋሻ ጊታሩን ይዞ ስለሚሸጠው ስጎ እየዘመረ ገባ። ሁለት ባለጠጎችም ከሥራው መቶ እጅ አርባውን ወስደው 50,000 ፓውንድ ሰጡት፤ ይህም ማለት ሥራውን በጠቅላላ በ125,000 ፓውንድ ገመቱት ማለት ነው። ነገር ግን በዚያው ጊዜ፥ አንድ ደንበኛ በሚሊዮን ሊትር የሚቈጠር ስጎ አዝዞኛል ብሎ የተናገረው፥ ደብዳቤው ሲነበብ በሺህ ኪሎ የሚቈጠር ሆኖ ተገኘ። ሰውየው በስሕተት እንደ ተናገረ ገለጸ፤ ባለጠጎቹም አመኑት። ባይመረመር ኖሮ ግን ስሕተቱ በሁሉም ላይ ዕዳ በሆነ ነበር። በሐሰተኛ ሚዛን የሚጸየፈው አምላክ፥ በፍቅር ስም የሚደረገውን የተሳሳተ ቍጥርም አይወድድም።

ስለዚህ ምርመራውን አንነቅፍም። የምንነቅፈው ራሳችንን ነው። ከዚያ እራት በኋላ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ፥ የማኅበራችን የልማት ኮሚቴ ተሰብስቦ ሳለ፥ ከመዘምራኖቻችን አንዱ ወጣት ብድር ሊጠይቅ መጣ። ብየዳ የተማረ ነው፤ እስከዚያ ቀን ድረስ የሰው መሣሪያ እየተከራየ ይሠራ ነበር። እንጨት የሚቈጥብ የእንጀራ ምድጃ ከብረት ሠርቶ ለመሸጥ አስቦ፥ ለብየዳ መሣሪያ መግዣ 30,000 ብር እንድናበድረው ለመነ። የምድጃውን ሥዕል በደብተር ወረቀት ላይ ስሎ የብረቱንና የቀለሙን ዋጋ በጐኑ ጽፎ ነበር። እኛ ስድስት ሆነን ከጠረጴዛው በስተ ኋላ በተርታ ተቀምጠናል፤ እርሱ ቆሟል። ባዶ ወንበሮች በግድግዳው ሥር ተደርድረው ነበር፤ ማንም ግን ተቀመጥ አላለውም።

ጥያቄ ጠየቅነው፤ ጥያቄውም ተገቢ ነበር። በወር ስንት ትሸጣለህ? ብረት ቢወደድስ ምን ታደርጋለህ? ዋስህ ማን ነው? ለአንዳንዱ መለሰ፥ በአንዳንዱ ተንተባተበ። በዚያን ጊዜ ከመካከላችን አንዱ፥ ያን ዝግጅት እርሱም አይቶት ኖሮ፥ በወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተደግፎ፥ «እኔ ወጥቻለሁ» አለ። ሰባኪውም ሳይቀር ሁላችን ሳቅን። ወጣቱ ወረቀቱን በአራት አጥፎ ወደ ኪሱ ከተተና፥ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብሎ ወጣ።

በሚቀጥለው እሑድ በመዘምራን ረድፍ ቦታው ባዶ ነበር። በሁለተኛውም እሑድ እንዲሁ ሆነ። ወደ ቤቱም ሄድን፤ እርሱ አልነበረም። እናቱ ቡና እያፈሉ እንዲህ አሉን፦ «ቄስ፥ ልጄ የከፋው ገንዘቡን ስለ ተከለከለ አይደለም። ብድር እንደሚከለከልማ ያውቃል። አባቶቼ ናቸው ብሎ በገባበት ስለ ተሳቀበት ነው።» እኛም የምንመልሰው አልነበረንም። ቡናውን ጠጣን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የአሮጊቷ እናታችን ጥያቄ አልለቀቀንም። ምን አጥፍቶ ነው የሚፈረድበት? የሰው ሥራ ሊመዘን ይገባዋል፤ በሥራው ሚዛን ላይ ሰውየውን አብሮ ማስቀመጥ ግን ሌላ ነገር ነው። በዋሻው ውስጥ የቆመው ሰው፥ «ሥራህ ይህን ያህል ያወጣል» ሲባል፥ ፊቱን ያየ ሁሉ «አንተ ይህን ያህል ታወጣለህ» እንደ ተባለ መስማቱን ያስተውላል። እኛም በምድጃው ፈንታ መዘምራችንን መዘንነው።

ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፥ ነቢዩ ኢሳይያስ እንደ ገበያ ለፋፊ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲጣራ ስሙት። የተጠሙትን ይጠራል፤ ከሁሉ ይልቅ ግን ገንዘብ የሌላቸውን ይጠራል፥ መጥተው እንዲገዙም ያዝዛቸዋል። በገበያ እንዲህ ያለ ነጋዴ አይተን አናውቅም። ገንዘብ የሌለው ሰው እንዴት ይገዛል? ዋጋውን ሌላ ሰው ከከፈለለት ብቻ ነው። የከፈለውም ማን እንደ ሆነ ሐዋርያው ጴጥሮስ በመጀመሪያው መልእክቱ ይነግረናል፤ የተቤዠነው በብርና በወርቅ ሳይሆን በክርስቶስ ክቡር ደም ነው።

ባለጠጋው ገንዘቡን የሚሰጠው መዝገቡን አይቶ ትርፍ ካገኘበት ነው። እግዚአብሔርም መዝገባችንን አይቷል። ዕዳውን፥ የተደበቀውን ገጽ፥ የተፋቀውን ቍጥር ሁሉ አይቷል። እርሱ ግን ወጥቻለሁ አላለም። ልጁ ወጣ፤ የወጣውም ከከተማይቱ በር ውጭ፥ መስቀሉን ተሸክሞ ነው። ከእኛም የገዛው መቶ እጅ አርባውን አይደለም፤ ሁለንተናችንን ነው።

እኛ ግን ይህን በከንፈራችን እያመንን በጸሎታችን ደግሞ ስንደራደር እንገኛለን። ስለት ለታቦት የሚሳሉትን ጎረቤቶቻችንን እንተቻለን። ነገር ግን «ጌታ ሆይ፥ ልጄ ፈተናውን ካለፈ ዐሥራቴን ሳላጓድል እሰጣለሁ» ብሎ የሚጸልይ ወንጌላዊ ምእመን ምን እያደረገ ነው? ዐሥር እጁን ለቅቆ ዘጠናውን ለራሱ አስቀርቶ እግዚአብሔርን ባለ ድርሻ ሊያደርገው መፈለጉ አይደለምን? በእርሱም ፊት ሥራችንን ዘርዝረን፥ ጾማችንንና አገልግሎታችንን ቈጥረን፥ ያላበው ሰው ሆነን እንቆማለን። ማንም እንዲህ እንድንቆም አላዘዘንም። ማዕዱ ተዘርግቷል፥ ወንበሩም አለ።

በዚህ ስፍራ አንድ ነገር እንጠንቀቅ። በ2013 ዓ.ም. ጄሚ ሲሚኖፍ የተባለ አሜሪካዊ፥ በር ላይ የቆመውን እንግዳ በስልክ የሚያሳይ ደወል ይዞ በሻርኮቹ ፊት ቀረበ። በ700,000 ዶላር ከሥራው መቶ እጅ ዐሥሩን ሊሰጥ ለመነ፤ ሳይስማሙ ቀርተው ባዶ እጁን ተመለሰ። በ2018 ዓ.ም. አማዞን የተባለው ኩባንያ ያንኑ ሥራ ገዛው፤ ዋጋውም ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ እንደ ነበረ ተነገረ። ይህ የሰው ግምት እንዴት እንደሚሳሳት ያሳያል። ነገር ግን ይህን ታሪክ ይዘው፥ «ዛሬ የተናቅህ ነገ ባለ ቢሊዮን ትሆናለህ፥ ብቻ ዘር ዝራ» እያሉ በየአዳራሹ የሚሰብኩ አሉ፤ እንዲህ አንሰብክም። ከተመለሱት የሚበዙት ተመልሰው ስማቸው አልተሰማም። ክርስቶስ የሞተው ስማቸው ላልተሰማውም ነው፤ የከበሩትም በደሙ ነው እንጂ ኋላ በሚያገኙት ሀብት አይደለም።

እንግዲህ ኮሚቴው ምን ያድርግ? ገንዘቡ የመበለቶችና የሠራተኞች መባ ነው፤ ያለ ጥያቄ ልንበትነው አይገባንም። ማርቲን ሉተር በ1524 ዓ.ም. ስለ ንግድና ስለ ወለድ በጻፈው መጽሐፍ፥ የቻልሁትን ያህል አስወድጄ ልሽጥ የሚለውን የነጋዴ ሕግ በብርቱ ይነቅፋል፤ ክርስቲያን ለተቸገረ ወንድሙ እንዲያበድርም ያስተምራል። በዚያው መጽሐፍ ለሰው ዋስ መሆንን አጥብቆ መንቀፉ ይገርማል፤ ዋስ የሚሆን ሰው ነገን በእጁ እንደ ያዘ ያስባልና። እኛ ወጣቱን ዋስህ ማን ነው ብለን ስንጠይቀው፥ የዕብራውያን መልእክት ምዕራፍ 7 የሚናገርለትን የሚበልጠውን ኪዳን ዋስ ከመካከላችን ያስታወሰ አልነበረም። ለብድሩ ውል ይህ መልስ እንደማይበቃ እናውቃለን። ለወጣቱ ግን ወንበር ለማቅረብ ይበቃ ነበር።

ከዚህ በኋላ ስድስታችንም ወደ ቤቱ ሄደን ይቅርታ ለመንነው። እርሱም ይቅር አለን፤ ብዙ ግን አልተናገረም። ብድሩ ገና አልተወሰነም፤ የብረት ዋጋ ስለ ተለወጠ ሒሳቡ እንደ ገና መሠራት አለበት። ያን ቃል የተናገረው ወንድማችን በሒሳብ ሥራ ዕድሜውን የፈጸመ ሰው ነውና፥ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ብየዳው ስፍራ እየሄደ ከወጣቱ ጋር በአንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ወረቀቱን ይሠራል። በመዘምራን ረድፍ ያለው ቦታ ግን እስከ አሁን ባዶ ነው። ማኅበሩ ሌላ ሰው እንዳያስቀምጥበት ለምነናል።