ፈተናም አማና ነው



ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ ዳንግላ ውስጥ አስተምር በነበረበት ጊዜ የፈጸምኩት ስሕተት ነው። ሰባ ያህል ተማሪዎችን በማብራሪያ ጥያቄ ፈትኜ ወረቀታቸውን ሌሊት በድካም አረምኩ። ጽሑፉ በቅጡ ለማይነበብ አንድ ተማሪ ከሃያ ሰባት ሰጠሁት። በማግስቱ መጥቶ በአማርኛ፣ አማርኛው ሲያጥረውም አዊኛ እየጨመረ ሲያስረዳኝ፣ ትምህርቱን ከብዙዎቹ አስበልጦ እንደተረዳው አየሁ። የጎደለው እንግሊዝኛውና የእጅ ጽሑፉ እንጂ እውቀቱ አልነበረም። ነጥቡን አስተካከልኩለት። ግን ደፍረው ያልመጡትስ ስንት ነበሩ?

ከዚያ በኋላ የምርጫ ጥያቄ ብቻ ማውጣት ጀመርኩ። «ሀ» ማንም ቢጽፈው «ሀ» ነው፤ አድልዎ አያውቅም ብዬ ነበር። ማስረጃም አለኝ። በ1912 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ስታርችና ኤሊዮት የተባሉ ተመራማሪዎች አንድን የእንግሊዝኛ ፈተና ወረቀት ለ142 መምህራን ቢያሳርሙ፣ አንዱ 64 ሲሰጠው ሌላው 98 ሰጥቶታል።

ይሁንና ሌላ ጉድለት ታየኝ። አራት ምርጫ ባለው ጥያቄ ምንም የማያውቅ ተማሪ እንኳ ከአራት አንዱን በግምት ያገኛል። ኢማም ማሊክ ለብዙ ጥያቄዎች «አላውቅም» ብለው መመለሳቸው እስከ ዛሬ የሚወሳው ለዕውቀት ያላቸውን ሐቀኝነት ስለሚያሳይ ነው። የእኔ የምርጫ ወረቀት ግን ለ«አላውቅም» ቦታ አልነበረውም፤ ባዶ የተወው ዜሮ ሲያገኝ የገመተው ይሸለማል። ነፍሴን ስመረምር ደግሞ ምርጫ ያበዛሁት ለፍትሕ ብቻ ሳይሆን እርማቱ ስለሚቀለኝም ነበር። ኒያዬ ንጹሕ አልነበረም።

የምርጫ ፈተና በራሱ ከማጭበርበር አያድንም። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና አስቀድሞ ወጥቶ መሰረዙን እናስታውሳለን። የ2014 ዓ.ም. ፈተና ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ እንዲሰጥ ሲደረግ ጥያቄው ያው ምርጫ ነበር፤ የተለወጠው ጥበቃው ነው። ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ግን 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ።

ሱረቱል ሙጠፊፊን በስፍርና በሚዛን የሚያጎድሉትን ታስጠነቅቃለች። ሚዛን የነጋዴ ብቻ አይደለም፤ የመምህር ቀይ እስክሪብቶም ሚዛን ነው። ስለዚህ ሁለቱንም ማቀላቀል ይሻላል እላለሁ። ሰፊውን ትምህርት በምርጫ፣ ማስተዋልን በጥቂት የማብራሪያ ጥያቄዎች እንመዝን። ስናርም የተማሪውን ስም እንሸፍን፤ የሁሉንም አንደኛ ጥያቄ ጨርሰን ወደ ሁለተኛው እንለፍ፤ ሲደክመን እስክሪብቶውን እናስቀምጥ። ተማሪም የሚጠየቀው ስላገኘው ነጥብ ብቻ ሳይሆን እንዴት እንዳገኘውም ጭምር መሆኑን አይርሳ።

ፈታኝም ተፈታኝም ነገ በአንድ ፈታኝ ፊት እንቆማለን። ለእርሱ የሚሰወር ወረቀት የለም።

ወላሁ አዕለም።