ከሩቅ የጠራነው እንግዳ የት ያድራል?



የሸዋል ወር ሲገባ የኒካሕ ጥሪው ይበዛል። የጥሪ ካርድ እንመርጣለን፣ ለአዳራሽ እንሯሯጣለን፣ ስለ ልብሱ ቀለም ለሳምንታት እንመካከራለን። አንድ ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ ሰርጉ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው የሚነሳው፦ ከሩቅ የጠራናቸው ሰዎች የት ያድራሉ?

ሰርጉ ሐረር ነው እንበል። የሙሽራው አክስት ከደሴ ተነስታ፣ አዲስ አበባ አድራ፣ ከዚያ ደግሞ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ በአውቶቡስ ተጉዛ ማታ መናኸሪያ ትደርሳለች። ሁሉም ሰው በሙሽሮቹ ተጠምዷል፤ ስልክ የሚያነሳ የለም። ለመሳፈሪያው ስንት ወር እንዳጠራቀመች የምታውቀው እሷ ናት። «ማደሪያ የለኝም» እንዳትል ይሉኝታ ይይዛታል። ለሚቀጥለው ሰርግ ስትጠራ «አመመኝ» ብላ ትቀራለች። ዝምድና የሚቆረጠው ሁልጊዜ በጠብ አይደለም፤ እንዲህም ይቆረጣል።

አላህ በሱረቱ አዝ-ዛሪያት የነቢዩላህ ኢብራሂምን (ዐ.ሰ) መስተንግዶ ይነግረናል። የማያውቋቸው እንግዶች ሲመጡባቸው «ልትበሉ ትፈልጋላችሁ?» ብለው አልጠየቁም። ቀስ ብለው ወደ ቤተሰባቸው ሄዱ፣ የሰባ ጥጃ ይዘው መጡ፣ እንግዶቹ ፊት አቀረቡት። ዑለሞች ከዚህ ትልቅ አደብ አውጥተዋል፦ እንግዳ እስኪጠይቅ አይጠበቅም፣ «አይ፣ ይቅርብኝ» እንዲል ዕድል አይሰጠውም።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ደግሞ እንግዳን ማክበርን በአላህና በመጨረሻው ቀን ከማመን ጋር አያይዘው አስተምረውናል። መስተንግዶውም ሦስት ቀን መሆኑን፣ ከዚያ ያለፈው ሰደቃ እንደሚሆን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። እንግዳውም አስተናጋጁን እስኪያስቸግር መቆየት የለበትም።

ወጣቶች ሆይ! ይህ ሥራ የእናንተ ነው። ሙሽራው ጊዜ የለውም፣ እናትና አባት ደክመዋል። ማን ከየት፣ መቼ እንደሚመጣ መዝግቡ፤ ስልኩን የማያጠፋ አንድ ሰው መድቡ። ሆቴል መክፈል ለሚችል አስቀድማችሁ አልጋ ያዙለት። ለማይችለው የጎረቤት ቤት ፈልጉ፤ አቅሙን ግን ሰው ፊት አትጠይቁት። ለሴቶች የብቻቸው ክፍል ይኑራቸው። ቂብላውን፣ የውዱእ ውኃውንና ቅርቡን መስጂድ አሳዩ። የሐረር ሌሊት ይቀዘቅዛልና ብርድ ልብስ አትርሱ።

ወሊማው አንድ ማዕድ ነው። እንግዳው ግን በዋዜማው እራት፣ በማግሥቱም ቁርስ ይፈልጋል። ከዚያ ጀጎልን አዙሩት። እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የተመዘገበች፣ 82 መስጂዶችን የያዘች ከተማ ናት፤ ከመስጂዶቿም 10ኛው ክፍለ ዘመን የደረሱ አሉ። ከግንቡ ውጭ ማታ ጅብ ሲመገብ ማየት ልጆቹን ያስደስታቸዋል። ከእናንተ የሚጠየቀው ግማሽ ቀን ነው። ሲመለስም ሻንጣውን ይዛችሁ እስከ መናኸሪያ ሸኙት።

አንድ ነገር አስቡ። ሙሽሮች ከሁሉም በላይ የሚፈልጉት የበረካ ዱዓ ነው። የሙሳፊር ዱዓ ደግሞ ተቀባይነት እንዳለው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ነግረውናል። ታዲያ መናኸሪያ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ የቀረችው አክስት ለዚህ ትዳር ከፎቶ አንሺውም ከጌጡም በላይ የምታስፈልግ ሰው አይደለችም ወይ?

በዚህ ወር የምታውቁት ሰርግ ካለ ዛሬውኑ ደውሉና «ከሩቅ የሚመጣ ማን አለ? እኔ ልቀበለው» በሉ። ለአላህ ብላችሁ አድርጉት፤ ፎቶው ላይ ባትታዩም አጅሩ አይጠፋም።

አላህ ቤታችንን ለእንግዳ የሰፋ፣ ትዳራችንን በረካ ያለው ያድርግልን። አሚን። በዛሬው ጁሙዓ በነቢያችን ላይ ሰለዋት አብዙ።